ዓሣን በቀለም ማተም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዓሣ አጥማጅ ስላመለጠው ዓሣ ሲናገር እጁን ምን ያህል እንደሚዘረጋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጃፓን ሰዎች ለዚህ ነገር መላ አግኝተውለታል፤ ይኸውም የያዙትን ዓሣ ቀለም ቀብተው በወረቀት ላይ ማተም ነው። ጥበቡን «ግዮታኩ» ይሉታል፤ «ግዮ» ዓሣ፥ «ታኩ» ደግሞ አትሞ ማንሣት ማለት ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት ሁሉ ቀደምት ነው የሚባለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ. ም. በሾናይ ግዛት የታተመው ነው።

ዓሣው በጨው ታጥቦ ልጋጉ ከለቀቀ በኋላ ይደርቃል። ከዚያም ቀለም በስሱ ይቀባል፤ ስስ ወረቀት ይለብስና ከራሱ እስከ ጭራው ቀስ እየተባለ በጣት ይዳበሳል። ዐይኑ ብቻ አይታተምም፤ በኋላ በብሩሽ ይሣላል። ቀለማቸው ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራ ስለ ሆነ ዓሣው ታጥቦ ይበላል። የእኛም የብራና ጸሐፊዎች ቀለም ጥላሸት እንዳለበት ባሰብሁ ጊዜ «እኔስ ለምን አልሞክርም?» አልሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት አምባዛ ነበር። አምባዛ ቅርፊት የለውምና በወረቀቱ ላይ የወጣው እንደ ተደፋ ቡና ያለ ጥቁር ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቴም ሳቀችብኝ። (ወጡ ግን መልካም ነበር።) ሁለተኛውን ከሶር ወንዝ ከሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ ገዛሁ። ይኸኛው ቅርፊታም ስለ ነበር እያንዳንዱ ቅርፊት እስኪቈጠር ድረስ ወጣ፤ የተቀደደው ክንፉ እንኳ ሳይቀር ታየ።

ያንን ወረቀት በዛሬው በዓል ላይ ላሳያችሁ ለመምህሬ ቃል ገብቼ ነበር። ነገር ግን አስቀድሜ ለሽማግሌው ወሰድሁላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት፤ ክንዳቸውንም አጠገቡ አስተኝተው ለኩት።

«ልጄ፥ የእኔ ቁርጡሚ ፊቱ ወደ ግራ ነበር፤ ይኸ ወደ ቀኝ ዞሯል» አሉኝ።

«አባቴ፥ እንደ ማኅተም ስለ ሆነ ይገለበጣል» ብዬ አስረዳኋቸው።

«ልጆቼ ሶር ውስጥ ይህን የሚያህል ዓሣ የለም እያሉ ይሥቁብኛል። ትተውልኝ ይሆን?»

የገባሁት ቃል ትዝ አለኝና አመነታሁ። በመጨረሻ ተውሁላቸው።

ስለዚህ ዛሬ በእጄ የያዝሁት ቀለሙ ካለቀ በኋላ ያተምሁት ሁለተኛው ነው። ጭራው ደብዝዟል፤ ዐይኑንም እኔ ስሥለው ከልኩ በላይ አሳድጌዋለሁ። ርዝመቱ ግን ልኩ ነው።