የተጣለው ዜጋ፣ የታቀፈው ባዕድ
(በአማን ከተማ ለመምህራንና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



እስቲ አሜሪካን አገር ዘመድ የሌለው እጁን ያውጣ! አያችሁ? ሦስት እጅ ብቻ ነው የማየው። እንግዲያው ወሬው ደርሷችኋል ማለት ነው።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. እኛ የቃና ዘገሊላን በዓል ስናከብር ዶናልድ ትራምፕ ዋሽንግተን ላይ ቃለ መሐላ ፈጽመው ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዕለት አንድ ትእዛዝ ፈረሙ። እናቱ ያለ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ የምትኖር፣ አባቱም ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ያልሆነ ሕፃን ከእንግዲህ እዚያ ምድር ላይ ቢወለድም አሜሪካዊ አይባልም የሚል ትእዛዝ። የብዙ ሰው ስልክ በዚያ ሰሞን ሲጮኽ አደረ። ነፍሰ ጡር እህት ያለው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀለት ወንድም ያለው፣ ሁሉም ደነገጠ።

እዚያ አገር ግን ሕግ አለ። 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው ትናንት ባሪያ የነበረ ሰው ልጅ አገር አልባ እንዳይሆን ነው። በ1898 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከቻይናውያን ወላጆች የተወለደውን ዎንግ ኪም አርክን «ዜጋ ነህ» ብሎ ፈረደለት። ስለዚህ የትራምፕ ትእዛዝ ቀለሙ ሳይደርቅ ዳኞች አገዱት። ክርክሩም ቀጠለ።

እኛም ከዚህ ሆነን «ምን ዓይነት ግፍ ነው! ሕፃን ምን አጠፋ?» አልን። ደግ አልን። ግን እንዲያው ለመሆኑ የገዛ ቤታችን ሕግ ምን ይላል?

የእኛ ሕግ ከጥንትም መሬትን አይቆጥርም። ሐምሌ 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊነትን የሰጠው አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው ነው፣ እዚህም ይወለድ ውጭ አገር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ይኼንኑ ደገመው። ታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378ም እንዲሁ። ሁለቱም ወላጆቹ የውጭ ሰዎች ከሆኑ እዚህ አማን ላይ ቢወለድ፣ እዚህ ቢያድግ፣ ቤንችኛን ከእኔ አስበልጦ ቢናገር ልጁ ባዕድ ነው። አቶ ትራምፕ በብዕር ሊያመጡት የታገሉት ነገር እኛ ዘንድ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ማንም ስልክ አልደወለም!

አሁን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ እኔን ራሴን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ያው አዋጅ በአንቀጽ 3 ስለ ተጥሎ ስለተገኘ ሕፃን ይናገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጥሎ የተገኘ ሕፃን የሌላ አገር ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በቀር ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ተቆጥሮ ዜጋ ይሆናል ይላል። መልካም ሕግ ነው፣ አልነቅፈውም። ግን አስቡት እስቲ። አንዲት ስደተኛ እናት ልጇን በጨርቅ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጥላ ብትጠፋ ልጁ ኢትዮጵያዊ የመሆን ዕድል አለው። አቅፋ፣ አጥብታ፣ ጉንፋኑን አስታማ ካሳደገችው ግን ባዕድ ነው። እናትነቷ ተቀጣ ማለት አይደለም እንዴ?

«እኛን ምን አገባን፣ ደማችን ይታወቃል» የምትሉ አላችሁ። ደም ራሱም አንድ ጊዜ አላስጣለም እኮ!

እዚሁ አማን አብሮኝ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። አባቱ ኤርትራ የተወለዱ፣ የቡና መፈልፈያ ሞተር የሚጠግኑ ሰው ናቸው። እናቱ የዚሁ አገር ሰው፣ ቤንች። ሚያዝያ 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነቱ ተነሣ። ከሰኔ ጀምሮ ከየከተማው ሰው መሰብሰብ ተያዘ። በዚያ ክረምት የጓደኛዬን አባት ሌሊት ወሰዷቸው። ጠዋት ሄጄ ሳየው ልጁ የአባቱን የመፍቻ ሣጥን ይዞ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ምን ልበለው? ኳስ እንጫወት አልኩት።

ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደመዘገበው በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩት 75 ሺህ ያህል ናቸው። የተሰጠው ምክንያት ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ሪፈረንደም ድምፅ ሰጥታችኋል፣ ስለዚህ ኤርትራዊ ሆናችኋል የሚል ነው። ያን ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደው ማን ሆነና! ምርጫው እዚሁ አገር ውስጥም ሲካሄድ ኢሕአዴግ ቆሞ ሲያይ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም የዓይናቸው ቀለም ካላማረን ማስወጣት እንችላለን ማለታቸውን አገር ሰምቷል። ሻዕቢያም በበኩሉ በአስመራና በአሰብ ወገኖቻችን ላይ የሠራው ግፍ ከዚህ አይተናነስም፤ ይኼም ይነገር። ታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ሄግ ላይ የተቀመጠው የካሣ ኮሚሽን እነዚያ ሰዎች የሁለቱም አገር ዜጎች ነበሩ ብሎ ኢትዮጵያዊነታቸውን ከብዙዎቹ መግፈፉ ሕገ ወጥ መሆኑን ወሰነ። ውሳኔው ሲደርስ የሰዎቹ ቤት ተሽጦ አልቆ ነበር።

ጓደኛዬ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሄደ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቀበሌ ነው። ጸሐፊው የአባቱን ስም አይቶ «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው። እናቱ አጠገቡ ቆመዋል እኮ! አንቀጽ 6 «አንዱ ወላጅ ይበቃል» ይላል፣ እናትየውም ያሉት ይኼንኑ ነው፣ በቤንችኛም በአማርኛም። ጸሐፊው ግን ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈ። ልጁ መታወቂያውን ያገኘው ከሦስት ዓመት መመላለስ በኋላ ነው። ሕግ በመጽሐፍና ሕግ በመሳቢያ የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ ጋዜጠኛ የሆንኩትም ሳይታወቀኝ በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

ወደ አሁኑ ልመለስ። ከዚህ ወደ ዲማ የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ የለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሱዳን ስደተኞች እዚያ ሰፈሩ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ሰው መጣ፣ በኦኩጉ መጠለያም ልጆች ተወለዱ፣ አደጉ። በወረቀት ደረጃ የጁባ ሕግ ዜጎቼ ናቸው ይላል። ጁባን አይተዋታል? ጁባስ መዝግባቸዋለች?

የጋምቤላ ወንድሞቻችን ሥጋት ቀልድ አለመሆኑን አውቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከ2006 በኋላ የገባው ስደተኛ ከ300 ሺህ በላይ ደርሷል። እዚያ የተወለደ ሁሉ በአንድ ቀን ዜጋ ይሁን ቢባል አኙዋኩ «መሬቴስ? ድምፄስ?» ብሎ ቢጠይቅ እፈርድለታለሁ። ስለዚህ የአሜሪካን ሕግ እንዳለ ገልብጡ አልልም።

የምለው አንድ ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተርም ሌላ አገር ዜግነት ያልሰጠው ሕፃን የተወለደበት አገር ዜግነት ያግኝ ይላል። አዋጅ 378 ግን ለተጣለው ብቻ በር ከፍቶ ለታቀፈው ዘጋ። ያን በር ማንም የሌላ አገር ዜጋ ለማይለው ሕፃን መክፈት የፓርላማው ሥራ ነው፣ ማንንም መሬት አያሳጣም። ሲያድግ ያመልክት የሚሉ አሉ። ያው አዋጅ አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አራት ዓመት የኖረ፣ ከአገሪቱ ቋንቋዎች አንዱን የሚናገር፣ በቂ ገቢ ያለው ይሁን ይላል። ቋንቋውስ እሺ። መጠለያ ውስጥ ራሽን ጠብቆ ያደገ ልጅ በቂ ገቢ ከየት ያምጣ?

ከመካከላችሁ ጤና ጣቢያና ቀበሌ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል፤ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ የስደተኛ ልጅም ይመዘገባል። አደራ፣ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ስትመጣ «የእናንተ እዚህ አይደለም» ብላችሁ አትመልሷት፤ ወዴት እንደምትሄድ አሳዩዋት። የልደት ምስክር ወረቀት ዜግነት አይሰጥም፣ በዚህ ማንም እንዳይሳሳት። ነገር ግን ልጁ ነገ ጁባም ይሂድ አዲስ አበባ፣ «የት ተወለድክ?» ሲሉት የሚያወጣው እሱን ነው።

እትዬ፣ ቶናው ደርሷል መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ ቀበሌ የሚሠሩት ይቅደሙ።