ደሙ ለምን አነሰ? (በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ከዕረፍት የተመለሰ ተማሪ ንግግር ያድርግ ሲባል ስለ ወግ ወይም ስለ ፖለቲካ የሚናገር ይመስላል። እኛ ግን የደጀን ልጆች ስለ ሆንን በአገራችን ያየነውን አንድ ነገር ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝባቸው ሰዎች ደማቸው የሚያንስበት ምክንያት ነው።

ደጀንን ለማያውቃት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ አባይን ከተሻገረ በኋላ ሽቅብ ወጥቶ የሚያርፍባት ከተማ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሹፌሩም ነጋዴውም ያድርባታል። ስለዚህ ይህ በሽታ በመንገድ ዳር ከተሞች ላይ ያደረሰውን እርስዋም ቀምሳዋለች።

ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤት አሉን። ስማቸውን አንጠራም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እትዬ እያልን ያደግን ነን። መድኃኒቱን ከጀመሩ አያሌ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በደኅና ጤናም ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ወደ ቤታቸው ብንገባ ግን እንስራ ማንሣት አቅቷቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ ሦስት ጊዜ እያረፉ አገኘናቸው። «መድኃኒቱ ደሜን ጨረሰው» አሉን። ክኒኑንም ቆጥ ላይ ካስቀመጡት ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደው ተመርምረው ነበር፤ «12.3 ነው፤ ደኅና ነው» ተብለው ተመለሱ።

ይህ 12.3 ማለት ምን ማለት ነው? በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን በግራም ሲለካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ሲሆን ደም አንሷል ይላል። እንግዲህ የክሊኒኩ ሰው በሕጉ ተናግሯል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተሠራው በባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን ይጨምራል፤ ስለዚህም ድርጅቱ ራሱ በደጀን ያህል ከፍታ ከተለካው ላይ ከ1 ግራም በላይ ቀንሳችሁ ፍረዱ ብሎ ይመክራል። በዚያ ሒሳብ እትዬ ደማቸው አንሷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወዲያው ለመፍረድ የቸኮለ ወዳጃችን ነበረ፤ እኛም ቸኩለን ነበር። ኋላ ግን ስናነብ አንድ ነገር ገታን። ሲንትያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራራ በ3530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የደገኞቻችን ሄሞግሎቢን እንደ አንዲስ ተራራ ሰዎች ከፍ ብሎ አልተገኘም፤ በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም። እንግዲያውስ ቅናሹ ለእኛ ሰው ምን ያህል እንደሚሠራ ያከራክራል።

ክርክሩን የቆረጠልን የእትዬ የገዛ ሣጥናቸው ነው። ከልብስ ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ የምርመራ ወረቀት አወጡ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት 14.6 ይላል። ከ14.6 ወደ 12.3! ሰንጠረዡ ምንም ይበል ምን፣ እኒህ ሴት ከራሳቸው ደም ከ2 ግራም በላይ ጎድሎባቸዋል።

ታዲያ የጨረሰው መድኃኒቱ ነውን? ወሬው እንዲያው ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዚዶቩዲን በቀን 1500 ሚሊ ግራም ይሰጥ ነበር፤ ደም የሚሠራበትን የአጥንት መቅኔ ያደክማል። በዚያው ዓመት በታተመው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 21ዱ ደጋግሞ ደም እንዲሰጣቸው ግድ ሆኗል፤ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ግን ከመቶ 4ቱ ብቻ ናቸው። ኋላ መጠኑ ወደ 600 ዝቅ ቢልም ጠባዩ ጨርሶ አልጠፋም። በአገራችንም መድኃኒት በነፃ መታደል ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ሰው ወስዶታል፤ ደሙ ወርዶ መድኃኒት የተለወጠለትም አለ። ዛሬ ግን አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን የተቀመሙበትን ነው፤ ዚዶቩዲን የቀረው በተለይ የመጀመሪያው መድኃኒት ለከዳቸው ሰዎች ነው። እትዬ የሚወስዱትም አዲሱን ነበር።

ዋናው ደም አጥፊ ቫይረሱ ራሱ ነው። መቅኔውን ያውካል፤ ሰውነትንም ዘወትር በቁጣ ያኖረዋል። ሰውነት በተቆጣ ጊዜ ብረቱን ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ቤት ማለት ነው። ለእንደዚህ ያለው ሰው የብረት ክኒን ቢያዝዙለት፣ ቀይ ጤፍም ጠዋት ማታ ቢበላ (እናቶቻችን ይህን ስንል አይወዱም) ቁልፉ አይገኝም። ቫይረሱን የሚያስታግሰው መድኃኒት ግን በብዙ ሰው ላይ ደሙን መልሶ ያነሣል። ስለዚህ ክኒኑን ቆጥ ላይ መስቀል ጠላትን ማገዝ ነው የሆነው።

ቀይ ደም ብቻም አይደለም የሚጎዳው። ነጩ ሲያንስ ልዩ ልዩ በሽታ ይገባል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ሲያንሱ ድድና አፍንጫ ይደማል። ሦስቱም አንድነት ሲወርዱ ግን ብርቱ ነገር አለ። በየዓመቱ ከጎጃም ደጋ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርዱ ወንድሞቻችን አሉ፤ በዚያ የአሸዋ ዝንብ ካላ አዛርን ታስይዛቸዋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ደሙ ይሟጠጣል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር ከተገናኘም ታክሞ ደግሞ ይመለሳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ ማከሚያ አለው። ከመተማ የተመለሰ ወንድም ገርጥቶ ብታዩት «ወባ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ወደ እትዬ እንመለስ። ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ያልባቸው ኖሯል፤ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እርሳቸውም አልተናገሩም። አሮጌውንና አዲሱን ወረቀት ይዘው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘ። የደማቸው መውረድ የዚያ ምልክት ነበር። የነቀርሳውን መድኃኒት ስድስት ወር ዋጡ፤ ከእርሱ ጋር ስለሚጋጭ የኤች አይ ቪውን ክኒን ሐኪሙ መጠኑን አስተካክሎ አስጀመራቸው። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ስናያቸው 13.9 ደርሰው ነበር፤ እንስራውን ግን ገና ልጃቸው ናት የምታነሣላቸው።

በፋሲካ ወደየአገራችሁ ለምትሄዱ ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት አባዝተናል። ቀን፣ የሄሞግሎቢን ቁጥር፣ የሚወሰደው መድኃኒት ስም፣ ትኩሳት፣ ሳልና የሌሊት ላብ የሚጻፍበት ነው፤ የሰው ስም የሚገባበት ቦታ ሆን ብለን አላኖርንበትም። ሕመምተኛው ራሱ ጋ የሚቀር ስለ ሆነ አትሰብስቡት። 200 ቅጂ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ፤ ከጉባኤው በኋላ መውሰድ ይቻላል።