ችግኙን ሳይሆን ዛፉን ለኩ
(ከክረምቱ ተከላ በፊት በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዱ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ስለ ዛፍ ነው። ይኸውም ለውበትና ለጥላ ብለን በየግቢያችን የምንተክለው ዛፍ ከቤት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ነው። ስብሰባው ላይ ያልተገኙትም እንዲያነቡት ንግግሩ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር።

እንደምታስታውሱት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ገልጾ ነበር። የእኛም ማኅበር በዚያው ክረምት ወደ ኋላ አላለም። ሦስት የግራቪሊያ ችግኝ አምጥተን ከመሰብሰቢያ ቤታችን ግድግዳ አንድ እርምጃ ራቅ አድርገን ተከልን። ችግኙ ከጉልበታችን አይበልጥም ነበር። ውኃ አጠጣነው፣ ፍየል እንዳይበላው አጠርንለት፣ አጨበጨብን። ታዲያ አንድም ሰው «ይኼ ነገር አድጎ የት ይደርሳል?» ብሎ አልጠየቀም። ኮሚቴውም አልጠየቀም።

ግራቪሊያ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ከጣሪያችን በላይ ወጣ። እኛም ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ችግሩ ቀስ በቀስ መጣ። መጀመሪያ ቅጠሉ አሸንዳውን ሞላው። የዝናቡ ውኃ በአሸንዳው መውረዱን ትቶ በግድግዳው ላይ ፈሰሰ፤ የጭቃው ምርጊት እየራሰ ተላጠ። ቀጥሎ በበሩ በኩል ያለው ሊሾ ከፍ ብሎ ተሰነጠቀ። ስንቆፍረው የእጅ አንጓ የሚያህል ሥር ከሥሩ ተጋድሞ አገኘን።

በመጨረሻም ባለፈው በጋ ማለቂያ ላይ አንድ ሌሊት ነፋስ ተነሣና ትልቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ አጠገባችን በሚኖሩ አንዲት እናት ጣሪያ ላይ ወደቀ። ቆርቆሮውን ቀዶ፣ የጣሪያውን እንጨት ሰብሮ አልጋቸው ላይ አረፈ። እናታችን ያን ሌሊት ለቅሶ ቤት አድረው ነበርና ተረፉ። ባያድሩስ ኖሮ? እኛ በገዛ እጃችን የተከልነው ዛፍ ነው እኮ። ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ ጣሪያቸውንም ከማኅበሩ ሣጥን አሠርተናል። ይቅርታው ግን ሙሉ የሚሆነው ይህ ነገር በሌላ ሰው ቤት ሳይደገም ሲቀር ነው።

ወገኖቻችን፣

መሬት ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር እንዳልሆነ የቆሼን ሰው ማንም ማስተማር አያስፈልገውም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ወስዶብናል። ያን ሐዘን ከዛፍ ጋር አናወዳድረውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምደናል፤ አደጋ ሳይመጣ በፊት ቀና ብሎ ወደ ላይ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ማየት። ዛፍም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይታወቅ። ዛፍ አትትከሉ ማለታችን አይደለም። ኧረ እንዲያውም ከእኛ ሠፈር የበለጠ ዛፍ የሚያስፈልገው የት አለ? አቧራው፣ ጢሱና ሽታው ይታወቃል። አንዲት ጃካራንዳ ስታብብ ልጆቻችን ቆመው ያዩዋታል። የምንለው በቦታው ይተከል ነው።

ለመሆኑ ዛፍ ለቤት ቅርብ ሲሆን ምን ያመጣል? በአራት ከፍለን እንናገር።

አንደኛ፤ ሥሩ። ብዙ ሰው ሥር የሚሄደው ወደ ታች ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አብዛኛው የዛፍ ሥር የሚገኘው ከላይኛው አፈር ውስጥ፣ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ነው። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ሊሾን፣ የድንጋይ ንጣፍን፣ የአጥር ግንብን ከፍ ያደርጋል። የተሰነጠቀ የውኃ ቧንቧ ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ካገኘም እርጥበቱን ተከትሎ ይገባል።

ሁለተኛ፤ አፈሩ። ጥሩ ሆኖ የተሠራ መሠረትን ሥር በጉልበቱ ብቻ አያፈርሰውም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው በውኃ ምክንያት ነው። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ እግራችን የሚገባበት ስንጥቅ የሚፈጠረው በዚህ ነው። ዛፍ ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ከቤቱ በአንድ በኩል ትልቅ ዛፍ ካለ በዚያ በኩል ያለው አፈር አብዝቶ ይደርቅና ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቤቱም አብሮ ያዘነብላል። የእኛ የጭቃ ቤት መሠረቱ ጥልቅ ስላልሆነ ይህ ይብስበታል። በር አልዘጋ ሲል፣ ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ግድግዳው በአግድም በሰያፍ ሲሰነጠቅ ምክንያቱን ከዚህ ፈልጉ።

ሦስተኛ፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ። ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል፤ ጥላው ግድግዳው ፀሐይ እንዳያገኝ ያደርጋል። ክረምቱን የራሰ የጭቃ ግድግዳ በመስከረም ፀሐይ ካላገኘ የውስጡ እንጨት ይበሰብሳል። ቅርንጫፉ ደግሞ በነፋስ ቆርቆሮውን እየፋቀ ሚስማሩን ያላላል፤ የመብራት ሽቦ ከነካም ለሕይወት ያሰጋል።

አራተኛ፤ መውደቁ። ዛፍን የሚያቆመው ሥሩ የያዘው አፈር ነው። በሠፈራችን አንዳንዱ ግቢ ጉድጓዱ በጥራጊና በፍርስራሽ ተሞልቶ የተደለደለ ነው። እንዲህ ባለ ልል አፈር ላይ ትልቅ ዛፍ አጥብቆ መያዣ አያገኝም። ነፋስና ዝናብ በአንድነት ሲመጡ ከነሥሩ ሊነቀል ይችላል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? መለካት ነው። ሲለካ ግን በችግኙ አይደለም፤ ዛፉ አድጎ በሚደርስበት ቁመት ነው። አድጎ 15 ሜትር የሚሆን ዛፍ ቢያንስ የቁመቱን ግማሽ ያህል ከቤት ይራቅ። አፈሩ ዋልካ ከሆነና ዛፉ ውኃ የሚወድ ከሆነ ሙሉ ቁመቱን ያህል ይራቅ። ሜትር የሌለው በእርምጃ ይለካ፤ የአንድ ሰው እርምጃ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሠፈራችን እንዲመች እንደሚከተለው ከፍለነዋል።

ሀ. ጽጌረዳ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ሌላውም አበባ፤ ከግድግዳ 1 ሜትር፣ ማለትም አንድ እርምጃ ተኩል። ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ አበባ ውኃ ሲጠጣ ግድግዳውም አብሮ ይጠጣልና ይህችን ርቀት አትናቁ።

ለ. ቦትል ብራሽ የሚባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ፣ ሮማን፣ ኮክ፣ ጌሾ፤ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ማለትም አምስት እርምጃ ያህል። በየዓመቱም ይገረዙ።

ሐ. ጃካራንዳ እና አቮካዶ፤ ቢያንስ 8 ሜትር፣ ማለትም አሥራ ሁለት እርምጃ። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከውኃ ቧንቧም ይራቁ።

መ. ግራቪሊያ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባ፤ እነዚህ ከ20 ሜትር በላይ ሊደርሱ ስለሚችሉ በጠባብ ግቢ ቦታ የላቸውም። የፈረንጅ ጽድ ለአጥር ተብሎ ሲተከል ታዛዥ ይመስላል፤ መቀስ ካልነካው ግን ትልቅ ዛፍ ነው።

ሠ. ባሕር ዛፍ፣ ዋርካ፣ ሾላ እና የጎማ ዛፍ፤ በግቢ ውስጥ በጭራሽ። የጎማ ዛፍ በባልዲ ውስጥ ሆኖ በረንዳ ላይ ሲታይ ጌጥ ነው፤ መሬት ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል።

ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ቃል እንጨምር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣ ባለውለታችን ነው። የቤታችን ምሰሶና ማገርም እሱ ነው። ነገር ግን ከ30 ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችልና ብዙ ውኃ የሚጠጣ ነው። ባለውለታን ማክበር ማለት ጓሮ ውስጥ ማስገባት ማለት አይደለም።

«ታዲያ እኛ 8 ሜትር ግቢ ከየት እናምጣ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የብዙዎቻችን ግቢ ከበሩ እስከ አጥሩ ስድስት እርምጃ አይሞላም። እንዲህ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው፤ በግቢያችን አበባና ትንንሽ ዛፍ፣ ትልልቁን ዛፍ በጋራ መሬት። የወንዝ ዳር፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢ አለ። ባለቤቶቹን አስፈቅደን፣ ወረዳውን ጠይቀን በዚያ እንትከል፤ ተራ ገብተንም እንጠብቀው። የራስ ያልሆነ ዛፍ ጠባቂ የለውም የሚባለውን እኛ ሐሰት እናድርገው።

የጎረቤትንም ቤት አትርሱ። ከራሳችን ቤት 8 ሜትር አርቀን ከጎረቤት ግድግዳ ሥር ብንተክል ምን ሠራን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ባለቤት የሆነ ሰው በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዝዛል። ግን ነገሩ ሕግ ዘንድ ለምን ይደርሳል? ከመትከላችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ቦታውን አሳዩ። አንድ ስኒ ቡና ይበቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ቀድሞ ለተተከለው ዛፍ እንምጣ። ቤት አጠገብ ዛፍ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ገብቶ መጥረቢያ እንዳያነሣ አደራ እንላለን። ለሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ሥሩን በአንድ በኩል ብቻ የቆረጠ ሰው ዛፉን በሌላ በኩል እንዲወድቅ አመቻቸው ማለት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዋልካ ላይ ብዙ ዘመን የቆመ ትልቅ ዛፍ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ ይጠጣው የነበረው ውኃ አፈሩ ውስጥ ቀርቶ መሬቱ ያብጣል፤ ቤቱን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ቆረጣው ራሱ ሰው ይገድላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቁ፣ የሚያውቅ ሰው ይየው። ብዙ ጊዜ በልኩ መግረዝ ብቻ ይበቃል። ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ እንጂ ልጅ አታውጡበት፤ እርጥብ እንጨት መብራት ያስተላልፋል።

የእኛን ሦስት ግራቪሊያዎች በተመለከተ ኮሚቴው ወስኗል። ገና ወጣት ዛፎች ስለሆኑ፣ ፈቃድ ተገኝቶ፣ በሚያውቅ ሰው ከላይ ወደ ታች በገመድ እየታሠሩ ይቆረጣሉ። ግንዱን ለማኅበሩ አግዳሚ ወንበር እናደርገዋለን። በምትካቸው ከግድግዳው 3 ሜትር ርቀት ላይ ቦትል ብራሽ ይተከላል። ጥላ ሲለምዱ ለነበሩት ሽማግሌዎቻችን እናዝናለን። እኛም ጥላውን እንወደው ነበር። ነገር ግን የአንዲት እናት እንቅልፍ ከጥላ ይበልጣል። እናታችን ነፋስ በተነሣ ቁጥር እስከ ዛሬ ጎረቤት ነው የሚያድሩት።

በመጨረሻም ለክረምቱ ተከላ ያዘጋጀነውን እንንገራችሁ። አንድ ረጅም ገመድ ገዝተን በ1፣ በ3 እና በ8 ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርገንበታል። ገመዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ክፍያ የለውም። ችግኝ የምትተክሉ ሁሉ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ወስዳችሁ ጫፉን ግድግዳው ላይ አስይዙ፣ እስከ ቋጠሮው ዘርጉ፣ ከዚያ ቆፍሩ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ የኮሚቴው ወጣቶች ቤታቸው ድረስ ሄደው ይለኩላቸዋል። ገመዱን በዚያው ቀን መልሱ፤ ቀጥሎ የሚጠብቅ ሰው አለ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ ልጆቻችን በጥላው ሲቀመጡ «ማን ተከለው?» ይበሉ እንጂ «ማን ነው እዚህ የተከለው?» ብለው እንዳይወቅሱን።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ቆሼ፣ ኮልፌ ቀራንዮ