ክፉ ሰው ለምን ይደላዋል?

(በእብናት በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባችን አንዲት አባላችን ካደረገችው ንግግር የተወሰደ)



ባለፈው ወር ቁጠባችንን ሰብስበን ቡና ስንጠጣ አንዲት እህታችን «እኔ ረቡዕና ዓርብን ሽሬ አላውቅም፤ በሬዬ ግን ሞተ። በአራጣ ያስለቀሰኝ ሰው ደግሞ ዘንድሮ ሁለተኛ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ። እግዚአብሔር አያይም ወይ?» ብላ ጠየቀችን። «እንዲህ አይባልም፣ ኃጢአት ነው» ብለን አፏን አስያዝናት። ከዚያ ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። ዛሬ የተነሣሁት መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቃት ነው።

ጥያቄው ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ነቢያት ባልጠየቁት። ኤርምያስ ጠይቋል፣ ዕንባቆም ጠይቋል፣ ኢዮብማ ሳይታክት ጠይቋል። በመዝሙረ ዳዊት 72ኛው፣ አሳፍ ክፉዎች ያለ ሕመም፣ ያለ ድካም ጠግበው ሲኖሩ አይቶ እምነቱ ሊከዳው ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ይናገራል። ይህን ካህናቱ ይደግሙታል፣ እኛም ቆመን እንሰማዋለን። እህታችን ያለችውም ከዚያ አይበልጥም።

አሁን ወደ ራሳችን አገር ልምጣ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ በአብዮቱ 10ኛ ዓመትና በኢሠፓ ምሥረታ በዓል ስትደምቅ፣ ሰዉ እህል ፍለጋ አገሩን ጥሎ ይሰደድ ነበር። እዚህ እብናት በተከፈተው የእርዳታ ጣቢያ ከአካባቢያችን ብቻ ሳይሆን ከወሎ ሳይቀር የመጣ ሰው ሰፍሮ ነበር። በሚያዝያ ወር ወታደሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠረውን ያን ሕዝብ በጠመንጃ አስነሥተው ጎጆውን አቃጠሉት። ደካማውም፣ ሕመምተኛውም በእግሩ ሂድ ተባለ። ዓለም ሲጮህ መንግሥት «ስህተት ነው» ብሎ በታች ሹማምንት አመካኘ።

የዚያ መንግሥት መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሸሸ። በ1999 ዓ.ም. በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ዚምባብዌ ግን አሳልፋ አልሰጠችውም፤ በሐራሬ በሰላም አረጀ። «ስደቱ ቅጣቱ ነው» የሚሉ አሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም። ስደት ቅጣት ከሆነማ ጎጆዋ የተቃጠለባት ሴት ምን አጥፍታ ተቀጣች?

ስለዚህ አንዱን ነገር ጠንክሬ እናገራለሁ። ሀብት የጽድቅ ምስክር አይደለም፣ መከራም የኃጢአት ማስረጃ አይደለም። ያኔ «ረሃቡ የኃጢአታችን ዋጋ ነው» የሚል ብዙ ነበር፤ እናቴም እስክታረጅ ድረስ ይህን ታምን ነበር። ጌታ ግን ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲነገር፣ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነው የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም። ሉቃስ 13ን አንብቡት።

«ታዲያ ክፉውን ለምን አይነቅለውም?» ትሉኛላችሁ። አረም ያረማችሁ ሁሉ እንክርዳድን ታውቁታላችሁ፤ እሸት እስኪይዝ ድረስ ከስንዴው አይለይም፣ ቸኩላችሁ ብትነቅሉት ሥሩ ከስንዴው ሥር ተያይዞ ይመጣል። በምሳሌው ባለ እርሻው እስከ አጨዳ ይቆይ ያለው ለዚህ ነው። ይህን ለረጅም ጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ አድርጌ እሰማው ነበር።

እናቴ ሁለት ልጆች ይዛ ነበር እብናት የገባችው። ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ሞተ። እናቴ በሌሊት ቀበረችውና ለማንም ሳትናገር በስሙ እህል መቀበሏን ቀጠለች። ያን እህል የበላሁት እኔ ነኝ። ይህን የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው፣ እያለቀሰች። እናቴን ጎጆ ካቃጠሉት ጋር እኩል አላደርጋትም፤ እግዚአብሔርም አያደርጋትም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን «ያጠፋ ሁሉ ይነቀል» ቢባል ኖሮ ዛሬ እፊታችሁ የምቆም አልነበርኩም። መታገሡን ለአራጣ አበዳሪው ስመለከት ይመረኛል፤ ለእናቴ ስመለከት ግን እንዴት ብዬ አማርራለሁ?

ትዕግሥቱ ግን ዝም በሉ ማለት አይደለም። ናቡቴ ለወይኑ ቦታ ሲባል ሲገደል እግዚአብሔር ኤልያስን ወደ ንጉሡ ልኮታል። በሉቃስ 18 ያለችው መበለትም እቤቷ ተቀምጣ አላለቀሰችም፤ እግዚአብሔርን የማይፈራውን ዳኛ እስኪሰለቸው ድረስ ተመላለሰችበት።

እህቴ፣ ከሰውየው ጋር የተዋዋልሽበትን ወረቀት ይዘሽ ማክሰኞ ነዪ። ማንበብ የምትችለው ልጄ ትኖራለች። ከማኅበሩ ሣጥን ምን ያህል ልናበድርሽ እንደምንችል ደግሞ አሁን ቡናው ሳይነሣ እንነጋገር።