መብራቱ መጣ፤ ሻንጣው ቀረ
እሑድ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የእንግሊዙ ማንቸስተር አውሮፕላን ማረፊያ መብራት ጠፋበት። መብራት መጥፋትን ለለመደ አድማጭ ይህ ብርቅ አይደለም። ኤሌክትሪኩም ተመልሷል። መንገደኛው ግን ቀኑን ሙሉ ተንገላታ።

ለምን? የተበላሸ ገመድ ያስከተለው ድንገተኛ የኃይል መጨመር የፍተሻና የሻንጣ መሣሪያዎችን አስተጓጎለ። ያልተፈተሸ ሻንጣ ደግሞ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ተርሚናል 1 እና 2 በር ዘጉ፤ ሰልፉ ደጅ ወጣ፤ ቀንቷቸው ከበረሩትም አንዳንዶቹ የእጅ ቦርሳቸውን ብቻ አንጠልጥለው ሄዱ። ወደ 90,000 ሰው ተጉላላ።

እንዲህ ያለው ችግር አየር መንገዱን ከገንዘብ ካሳ ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ምግብ፣ ማደሪያና ምትክ በረራ ከማቅረብ ግን አያድነውም። በዚያ በኩል የምትጓዙ አድማጮች፣ በረራችሁ ከተሰረዘ እነዚህን ጠይቁ፤ ደረሰኝም አትጣሉ።