ጓሮ ለሌለው ቤት፦ አፈር ወይስ ውሃ?

የሌማት ትሩፋት የተባለው አገራዊ የምግብ መርሃ ግብር ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ ሰምተናል። ጓሮ የሌለው የአያትና የሰሚት ኮንዶሚኒየም ነዋሪስ?

ለጀማሪ የእኔ ምክር አፈር ነው። ሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር በውሃ ማብቀል፣ ሰላጣን ቶሎ ያደርሳል። ነገር ግን የውሃው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 መሆን አለበት፤ በፓምፕ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥሩ ይጎዳል። አፈር ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንኳ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ከሥሩ የተበሳ ባልዲ፣ አፈር፣ ብስባሽና ጥቂት አሸዋ ይበቃል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ግን የግድ ነው!

በውሃ መሞከር ካማራችሁ ፓምፕ በማይፈልገው ጀምሩ፦ ክዳኑ የተበሳ ጥቁር ባልዲ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ሟሚ ማዳበሪያ፣ አንድ የሰላጣ ችግኝ። ውሃው ሲጎድል ሥሩ አየር ያገኛል፤ ስለዚህ መልሳችሁ እስከ አፉ አትሙሉት።