በስስ ብረት ላይ የበቀለ ብርሃን

እሷ፦ ውሃን ከጀርም የሚያጸዳው የአልትራቫዮሌት መብራት ዛሬም በብዛት ሜርኩሪ ያለበት ነው። ሲሰበር መርዙ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፣ ወንድሜ።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። በኤልኢዲ እንዳይተካ ያስቸገረው ብርሃኑን የሚያመነጨው የኤልኢዲው ክሪስታል ነው። ይህ ክሪስታል፣ አሉሚኒየም ጋሊየም ናይትራይድ፣ በባዕድ መደብ ላይ ሲያድግ የአቶሞቹ አሰላለፍ አይገጥምም፤ እንከን ይበዛበታል። እንከኑ ጋ የደረሰው ኃይል ብርሃን መሆኑ ቀርቶ ሙቀት ይሆናል።

እሷ፦ ክሪስታሉ እንደ ናኖሽቦ፣ እጅግ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ቢያድግስ?

እሱ፦ ናኖሽቦ ቀጭን ስለሆነ ካለመግጠሙ የሚመጣውን ጫና በጎኑ ያስተነፍሰዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስስ የቲታኒየምና የታንታለም ፎይል ላይ ጥቅጥቅ አድርገው አብቅለውታል። ቁመቱ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል።

እሷ፦ እንግዲያው የሚጠቀለል መብራት፣ ጀሪካን ውስጥ የሚገባ!

እሱ፦ ገና ነው። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከዚህ በላይ ሊለፋበት የሚገባ መብራት አላውቅም።